ዘመድ ይዛችሁ ተመለሱ

ከአባቴ ጋር ከተኳረፍኩ አርባ ቀን ሊሞላኝ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶኝ ነበር። እኔ ስናደድ እንግሊዝኛ ነው የምናገረው፤ ቤታችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አባቴ በአማርኛ "ራትሽን በላሽ?" ሲለኝ፣ በእንግሊዝኛ "አዎ፣ አመሰግናለሁ" ብዬ እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ ፈገግ እልና ወደ ክፍሌ እወጣለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላት ፋርማሲስት እንዲህ ታኮርፋለች ወይ ብትሉኝ፣ ታኮርፋለች። ያፈቀረች እንደሆነ ደግሞ ከዚህም ትብሳለች።

ያፈቀርኩት ሰው ኪራኮስ ይባላል። ደብረ ብርሃን የታሪክ መምህር ነበር። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ላንግሊ ፓርክ ውስጥ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አፓርታማ ተጋርቶ ይኖራል፤ በአውቶቡስ እየተመላለሰ ዲሲ፣ ቻይናታውን፣ ምድር ቤት ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ይይዝና ቱሪስቶችን በእግር እያዞረ የሰፈሩን ታሪክ ይነግራቸዋል። ሐበሻ የቻይና ሰፈር አስጎብኚ! መጀመሪያ ስሰማ ከት ብዬ ነው የሳቅኩት።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት አሮጊት ነው። እማማ ሊን ብሎ ይጠራቸዋል። ገበያ ውለው ሲመለሱ ዘንቢላቸውን ይሸከምላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ ፎቃቸው እስኪደርሱ የድሮውን ያወሩለታል። የታሪክ መምህር ጆሮ መቼም አይጠግብም፤ ሰምቶ፣ አንብቦ፣ ጽፎ፣ በመጨረሻ የሰፈሩ ማኅበር አስጎብኚ ሲያጣ "እሱ ያውቀዋል" ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ የዛሬ ሁለት ዓመት መኪናዬን ላወጣ ስመጣ፣ ከትኬት መስኮቱ ጀርባ መጽሐፍ ውስጥ ሰጥሞ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ቀና ብሎ ሲያየኝ የሚለው ጠፋበትና "ቅዳሜ ጉብኝት አለ፤ ይመጣሉ?" አለኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ያልሄድኩበትን ቅዳሜ በጣቴ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ።

እኔ ደግሞ የአቶ ለገሰ ልጅ የወይንሐረግ ነኝ። አባቴ የድልድይ መሐንዲስ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጽጌረዳ የተተከለበት ግቢ ያለው ቤት አለን፤ ከነኪራኮስ አፓርታማ ሁለት አውቶቡስ፣ አንድ ባቡር፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ትልቅ "ማን ነህ?" ያራርቀናል። አባቴ አገር ጥሎ ሲወጣ እናቴ እኔን አርግዛ ነበር። እሷና እኔ የመጣነው እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው። በመሐል ስለነበሩት ዓመታት ስንጠይቀው "ተማርኩ፣ ሠራሁ" ብሎ ያልፈዋል። እኛም ከአውሮፕላን ሲወርድ ጀምሮ መሐንዲስ የነበረ ይመስለን ነበር።

በሴፕቴምበር መጀመሪያ እሁድ ኪራኮስ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ንጋቱ የሚባሉ የሲልቨር ስፕሪንግ ታክሲ ነጂ ሌሎች ሁለት አዛውንቶች አስከትለው መጡ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ደንብ ነው፤ እነጋሽ ንጋቱም ቆመው ተናግረው፣ ቆመው ሰምተው፣ እንደቆሙ ሄዱ። እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ በሩ ሲዘጋ ብቻ ሰማሁ። በሦስተኛው ቀን ይህ ደብዳቤ ደረሰኝ።

"ሐረጌ፣ አባትሽ 'ዘመድ ይዛችሁ ተመለሱ' ብለዋል። እናትና አባቴ አፈር ከለበሱ ቆዩ፤ ወንድም እህት የለኝም፤ ይህንንም ሽማግሌዎቹ ነግረዋቸዋል። ሰውን የሌለውን ነገር ይዘህ ና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ጋሽ ንጋቱ እንመለስ ቢሉኝም እኔ ከልክያቸዋለሁ። እዚህ አገር ሠላሳ ትምህርት ቤት አመልክቻለሁ፤ ሁሉም በፈገግታ 'እንደውልልሃለን' ነው ያሉኝ። የጨዋ እምቢታ ለይቼ አውቃለሁ። ከአባትሽ ላጣላሽ አልፈልግም። አብሮኝ የሚኖረው ሀቢብ ኦሃዮ ሥራ አግኝቶልኛል፤ በኦክቶበር ሁለተኛው ቅዳሜ የመጨረሻ ጉብኝቴን መርቼ ሰኞ እሄዳለሁ። አትደውዪልኝ፤ ድምፅሽን ከሰማሁ አልሄድም። ስላገኘሁሽ ብቻ ጠዋት ማታ አመሰግናለሁ። ኪራኮስ።"

አልደወልኩም ብዬ አልዋሽም። አሥራ አንድ ጊዜ ደውያለሁ፤ አላነሳም። ፓርኪንጉ ሄድኩ፤ ሺፍት ቀይሯል ተባልኩ። አባቴን ግን አንድም ቀን "ለምን?" ብዬ አልጠየቅሁትም። ኩርፊያ ጥያቄ አይወድም፤ ልቤ እየነደደ በእንግሊዝኛ ፈገግ ማለት ብቻ ነበር ሥራዬ።

ከዚያ የመጨረሻው ጉብኝት ዋዜማ፣ ዓርብ መጣ። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ እናቴ፣ ወይዘሮ ብርሃነሽ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠራችኝ።

"ስሚማ፣ እነዚያ ሰዎች ምነው ቀሩ?"

"የትኞቹ ሰዎች?" አልኳት፣ ሳላስበው በአማርኛ።

"ሽማግሌዎቹ ናቸዋ! አባትሽ እኮ አምስት እሁድ ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮቱን ሳያወልቅ ሳሎን ተቀምጦ ዋለ። እንግዳ ይመጣል እያለ ምሳውን እንኳ ደህና አድርጎ አይበላም።"

ክው አልኩ። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሮጥኩና አባቴ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። መነጽሩን አድርጎ አነበበው፤ ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ።

"እምቢ ያለው ማነው?" አለ።

"አንተ ነሃ!"

"እኔ? ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀኑ እሺ ሲባል የት አየሽ? ልጄን ትርፍ ዕቃ ናት ብዬ ከደጅ ላስረክብ? ሁለተኛ ይመጣል፣ ሦስተኛ ይመጣል፤ ከዚያ እሺ ይባላል። አገሩ የሚያውቀው ነገር ነው!"

"አባዬ፣ እሱ በዚህ አገር ጆሮ ነው የሰማህ። 'እንደውልልሃለን' ያልከው መሰለው።"

"እኔ ደግሞ የናቀኝ መሰለኝ" አለ። ቀስ ብሎ ቀጠለ፤ "ሥራውን ጠልቼ አይደለም። ሰው ስድስት ዓመት አንድ ቦታ ኖሮ 'ይህ ልጅ የእኔ ነው' የሚልለት አንድ ነፍስ ካላፈራ፣ ለልጄ ያስፈራኛል። ዘመድ ያልኩት ያንን ነው። የሥጋ አላልኩም።"

ሠላሳ ሰባት ቀን! እሱ እታች ኮቱን ለብሶ ሲጠብቅ፣ እኔ እላይ ሳለቅስ። አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጭንቅላቴን ጉልበቱ ላይ ጣልኩ። "ይቅርታ አባዬ" አልኩት። ፀጉሬን እንደ ልጅነቴ ዳበሰኝ፤ የዚያን ያህል ያመሰገንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

"ነገ የት ነው የሚገኘው?" አለኝ።

"ቻይናታውን።"

እጁ ፀጉሬ ላይ ቆመ።

"እመጣለሁ" አለ በመጨረሻ። "የሴት አባት የወንድ ደጅ አይሄድም። ሰፈር ማየት ግን ማንም አይከለክለኝም።"

ቅዳሜ ጠዋት ያካፋ ነበር። አባቴ የቤዝቦል ቆብ አድርጎ፣ የዝናብ ካፖርቱን ኮሌታ አቁሞ፣ ወንጀለኛ የሚከታተል ፖሊስ መስሎ መጣ። "ራቅ ብለሽ ቁሚ፤ የማን ልጅ እንደሆንሽ እንዳይለይ" ብሎ አዘዘኝ። ለካ ሽማግሌውም ወጣቱም በፍቅር ጉዳይ ሕፃን ነው።

ዘንዶዎች በተሳሉበት ትልቁ በር ሥር አሥራ ሁለት የሚሆኑ ጎብኚዎች ተሰብስበዋል። ኪራኮስ ቀዩን ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ከስቷል። ሰዎቹን እየቆጠረ መጥቶ እኔ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ጠፋበት። ዓይኑን ከእኔ ነቅሎ ሥራውን ሲጀምር ጃንጥላውን አዘንብሎ ሰዎቹ ላይ ውኃ አንጠባጠበ።

በእንግሊዝኛ ነው የሚተርከው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የምሰማው። የቻይናዎቹ ሰፈር መጀመሪያ ወደ ካፒቶል በሚወስደው ታላቁ ጎዳና ላይ እንደነበር፣ በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳዎቹ መንግሥት ሕንፃ ልሠራበት ነው ብሎ ሲያስነሣቸው ድስታቸውንና የሱቅ ሰሌዳቸውን ተሸክመው እዚህ እንደ መጡ ነገራቸው። ኋላ ደግሞ ትልቁ የስፖርት አዳራሽ ተሠርቶ ኪራይ ሲወደድ ብዙዎቹ ወደ ዳር ከተሞች ወጡ። አሁን ቡና መሸጫውም፣ ስልክ መሸጫውም በቻይንኛ ስሙን ጽፏል፤ ፊደሉን የሚያነቡት ግን ጥቂት ናቸው።

ቀጥሎ ስለ ወንዶቹ ነገራቸው። ሕጉ ሚስት እንዳያስመጡ ለብዙ ዘመን ከልክሏቸው፣ ልብስ ሲያጥቡና ወጥ ሲሠሩ ውለው በየወሩ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር።

"አንዳንዱ ደብዳቤ ስንብት ነው" አለ። እዚህ ላይ ዓይኑ ወደ እኔ መጣ። "የጻፈው ሰው በመላኩ ሳይሆን በመጻፉ የሚጸጸትበት አለ።"

"የተቀበለችውስ መልስ እንዳላት ጠይቋታል?" አልኩ ጮክ ብዬ። ጎብኚዎቹ ዞረው አዩኝ። ፊቱ ቀላ።

ወደ አንድ ጫማ መደብር አሻገረንና ድሮ ታዋቂ ምግብ ቤት እንደነበረበት ነገረን። "የወጥ ቤቱ በር በዚህ፣ በመንገዱ በኩል ነበር" አለ።

"አልነበረም።"

የተናገረው፣ በእንግሊዝኛ፣ አባቴ ነው።

"በጓሮ ነው በሩ። በዚህ መተላለፊያ ገብተህ፣ በስተግራ፣ ሦስት ደረጃ ትወርዳለህ። ሦስተኛው ደረጃ የተሰበረ ነበር።"

ኪራኮስ በአክብሮት ጎንበስ አለ። "ቦታውን ያውቁታል ጌታዬ?"

አባቴ ቆቡን አወለቀ። "ሦስት ዓመት ሳህን አጥቤበታለሁ" አለ።

ደርቄ ቀረሁ። ድልድይ እንጂ ሳህን ከአባቴ ጋር አብሮ በአሳቤ መጥቶ አያውቅም። እሱ ግን እኔን አላየም፤ መተላለፊያውን እያየ ነበር የሚያወራው። በፈረንጆቹ ሰማንያ አንድ ላይ ከሱዳን መጥቶ፣ ማደሪያ አጥቶ፣ ዋናው ወጥ ሠሪ ሚስተር ሞይ በሩዝ ጆንያ ላይ እንዳስተኛው። ቀን ሳህን፣ ማታ ትምህርት ቤት። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አልበላም ሲለው፣ ሚስተር ሞይ "ለምን?" ሳይል በየሳምንቱ ቶፉውን፣ የአኩሪ አተር አይቡን፣ ለብቻ በትንሽ ድስት ይሠራለት ነበር።

"ሚስቴን በሆዷ ልጄን ይዛ ጥያት ነበር የወጣሁት። ሳለቅስ አገኘኝና 'እኔ የእኔዋን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው የጠበቅኳት፤ ያቻትልህ፣ ሽንኩርት እየከተፈች ነው' አለኝ። ለሚስቴ የምጽፈውን ደብዳቤ ሁሉ በዚያች ሽንኩርት መክተፊያ ጠረጴዛ ላይ ነው የጻፍኩት።"

"ከዚያስ?" አለች አንዲት ጎብኚ።

"ሥራ አገኘሁ። 'እሁድ እመለሳለሁ' ብያቸው ወጣሁ።" ቆቡን በእጁ አዟዟረ። "አልተመለስኩም። ክራባት ካሰርኩ በኋላ ሳህን አጣቢነቴን የሚያውቅ ሰው ማየት አፈርኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ሆነ። ሰሞኑን ሰው ለአምስት እሁድ ቀረብኝ ብዬ ስቆጣ ነበር የከረምኩት።"

ኪራኮስ ጃንጥላውን በአባቴ ላይ ዘረጋለት፤ ማን እንደሆነ ግን አላወቀም።

"ሚስተር ሞይ ካረፉ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል" አለው በለሆሳስ። "ባለቤታቸው ግን አሉ። የጉብኝታችን መጨረሻ ሁልጊዜ እሳቸው ጋ ነው።"

አባቴ ክንዱን ያዘው።

እማማ ሊን የሚኖሩት ሽማግሌ ቻይናውያን በሚኖሩበት ፎቅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መግቢያው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡና ለጎብኚው ሁሉ አንዳንድ ብርቱካን ያድላሉ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል፣ ዓይናቸው ግን እንደ መርፌ ነው። ለሁሉም እያደሉ መጥተው አባቴ ጋ ሲደርሱ ብርቱካኗን ይዘው ቀሩ። ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ሳሙና አባካኙ!" አሉ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው። "አንተ ረጅሙ። ለአንድ ሳህን ግማሽ ጠርሙስ ሳሙና!"

አባቴ እግራቸው ሥር ወደቀ። መሐንዲሱ፣ አቶ ለገሰ፣ ከነካፖርቱ። ጉልበታቸውን ሳመ። "አመሰግናለሁ ሳልል ሄድኩ" ይላል እያለቀሰ፣ "አመሰግናለሁ ሳልል።" እሳቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ ምስጋናውን የሰሙም አይመስሉም። ሌላ ነገር ነበር የሚያሳስባቸው።

"ሚስትህ መጣች?" አሉት።

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ይዘው ቆይተዋል! እኔ አላስቻለኝም፤ ግድግዳውን ተደግፌ ተንሰቀሰቅኩ።

"መጣች" አለ አባቴ። "ልጄም መጣች። ያቻትና።"

ጣቱ ወደ እኔ ነበር። ኪራኮስ ጣቱን ተከትሎ አየኝ፣ መልሶ አባቴን አየው። ቀዩ ጃንጥላ ከእጁ ወደቀ።

እማማ ሊን በዓይናቸው ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ ተመላለሱ። ነገር በዓይን ይገባል፤ ለእሳቸው ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። የኪራኮስን እጅጌ ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡት።

"ይህ ደግሞ የእኔ ልጅ ነው" አሉት አባቴን። "ሐኪም ቤት የሚያደርሰኝ፣ መድኃኒቴን የሚያስታውሰኝ፣ ስወድቅ ያነሳኝ እሱ ነው። ስድስት ዓመት። አሁን ኦሃዮ እሄዳለሁ ይላል። ኦሃዮ ምን አለ? አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ንገረው።"

አባቴ ከተንበረከከበት ተነሥቶ ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። ወደ ኪራኮስ ዞረና ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አናገረው።

"አንተ ልጅ! ዘመድ ይዛችሁ ተመለሱ ብዬ ለምን ቀራችሁብኝ?"

ኪራኮስ ብድግ አለ። "ጋሼ... ዘመድ የለኝም ብዬ ነው። እምቢ ያሉኝ መስሎኝ..."

"እኚህ ምንህ ናቸው ታዲያ?"

ኪራኮስ ወደ ጎኑ ዞረ። እማማ ሊንን አየ፤ እጅጌውን ገና አልለቀቁትም። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል አልሰማህም? እኔንም ያኖረኝ ይኸው ነው፤ ረስቼው እንጂ። አምስት እሁድ ኮት ለብሼ ጠብቄሃለሁ። ነገ ስድስተኛው ነው" አለና፣ ብርቱካኑን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። ብቻችንን ሊተወን ብሎ ነው። ሲያልፍ እንኳ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ ነበር።

ኪራኮስ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ሁለት እርምጃ ነበረ በመካከላችን፤ ሁለታችንም አልደፈርነውም።

"ሐረጌ፣ በድዬሻለሁ። ላንቺ ያሰብኩ መስሎኝ ለፍርሃቴ ነው ያደላሁት።"

"አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ።"

"አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ስልኩ በጠራ ቁጥር እጄን ሥሬ አድርጌ እቀመጥበት ነበር። ድምፅሽን ከሰማሁ እንደማልሄድ አውቃለሁዋ!"

"ይኸው ሰማኸው። ትሄዳለህ?"

"አልሄድም" አለ። "ብትገፊኝም አልሄድም።"

እማማ ሊን አንድም የአማርኛ ቃል ሳይገባቸው ከኋላችን አጨበጨቡ። ቀሪዋን ብርቱካን ልጠው፣ ለሁለት ከፍለው፣ በየእጃችን አስያዙን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር በሕይወቴ የለም፤ ግማሹ እንባዬ ነበር።

በማግሥቱ እሁድ የጋሽ ንጋቱ ታክሲ ደጃችን ቆመ። ሦስቱ አዛውንቶች ወረዱ። ቀጥሎ ሁለቱ ተጋግዘው እማማ ሊንን አወረዷቸው፤ ቀይ ሹራብ ለብሰው፣ አንድ ከረጢት ብርቱካን ታቅፈው። ሙሽራ እጩው እንደ ደንቡ ታክሲው ውስጥ ቀረ። እኔም እንደ ደንቡ ፎቅ ላይ መሆን ነበረብኝ፤ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ በመደገፊያው ብረት መሐል አጮልቅ ነበር። አርባ ቀን ደንብ ስጠብቅ ያተረፍኩትን ታውቃላችሁ።

ጋሽ ንጋቱ ሳሎኑ መሐል ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ አቶ ለገሰ፣ እንዳሉን ዘመድ ይዘን ተመልሰናል። ዛሬም ቆመናል። የልባችንን ሳያደርሱልን አንቀ..."

እማማ ሊን የቆሙትን ወንዶች አዩ። ሶፋውን አዩ። "አይ ጉልበቴ" በሚመስል አተነፋፈስ ሄደው ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

ጋሽ ንጋቱ ደነገጡ። "እናቴ፣ ገና ነው! አይቀመጡም! አልተፈቀደም!" እያሉ በአማርኛ ሊያስነሷቸው እጃቸውን ዘረጉ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች።

"ተዋቸው ንጋቱ" አለ አባቴ። ኮቱን እንደለበሰ ነው። ሄዶ ከሶፋው ጀርባ ትራስ አመጣና ከወገባቸው ሥር አስተካክሎ አደረገላቸው። "እኔ የሚያውቀኝ ሰው ወደሌለበት አገር ስመጣ፣ ማን ነህ ሳይሉኝ ነው ያስቀመጡኝ። ዛሬ እሳቸው ቤቴ ከተቀመጡ እኔ ምን ቃል ቀረኝ?" ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "ተቀመጡ።"

ስልኬን አወጣሁ። ጣቴ ቁጥሩን አልሳተም። አሥራ ሁለተኛው ጥሪዬ ነበር፤ አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ።

"ተቀምጠዋል" አልኩት።